ግሱ እስኪመጣ

አቶ አምሳሉ ተቆጥተው የደወሉ ዕለት ስልኩን ያነሣችው ሮሆቦት ነበረች። ሄኖክ ከጎኗ ተቀምጦ ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሯል። የሰውዬው ድምፅ ከስልኩ አልፎ ይሰማ ስለነበር፣ ዘግታ ስታበቃ ምን እንዳሉ መድገም አላስፈለጋትም።

አቶ አምሳሉ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ የአንድ ቀን ጫጩት እያስፈለፈሉ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ከሐዋሳም ከዙሪያዋ ወረዳዎችም በየቀኑ ከመቶ በላይ ሰው ይደውልላቸዋል። አንዱ፣ ጫጩት መቼ እንደሚደርስ፣ አንዷ ክትባት በስንተኛው ቀን እንደሚሰጥ፣ ሌላው ጫጩቶቹ ለምን እንደሚያንቀላፉ ይጠይቃል። ሁለት የስልክ ሠራተኞች ነበሯቸው፤ አልቻሉትም። ሄኖክ ይህን ሰምቶ ነው ስልክ አንሥታ እንደ ሰው የምትነጋገር የኮምፒውተር ፕሮግራም ልሥራልዎ ብሎ የቀረበው። ስሟን ትሕትና አሏት። ሰው ሲናገር ድምፁን ወደ ጽሑፍ ትለውጣለች፣ ምን እንደፈለገ ትለያለች፣ ከዚያ መልሱን በሚያምር የሴት ድምፅ ትናገራለች። ለሙከራ ሥራ ከጀመረች ገና አሥራ አንደኛ ቀኗ ነበር።

«ስሟ ትሕትና፣ ሥራዋ ሰው ማቋረጥ» ነበር ያሉት አቶ አምሳሉ። ያን ጠዋት ወይዘሮ ገበያነሽ የሚባሉ የቆዩ ደንበኛቸው ሱቅ ድረስ መጥተው ሰው ፊት ልክ ልካቸውን ነግረዋቸዋል። ሴትዮዋ አራት ጊዜ ደውለው ነበር። አራቱንም ጊዜ ትሕትና ነገራቸውን ሳይጨርሱ መልስ ሰጥታ፣ አመስግና፣ መልካም ቀን ተመኝታ ዘግታባቸዋለች። በዚህ መሃል ከመቶ ጫጩቶቻቸው ሠላሳ ስምንቱ ሞተዋል። አቶ አምሳሉ ሁለት ሳምንት ሰጡ። በሁለት ሳምንት ካልተስተካከለች ትሕትናን አሰናብተው ሦስተኛ የስልክ ሠራተኛ ይቀጥራሉ።

ሄኖክ ችግሩ ድምፁ ላይ ነው አለ። ሐዋሳ ነው ያደገው፤ አባቱ ከሰሜን በመምህርነት ተመድበው መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ አራት ዓመት ፕሮግራም ሲሠራ ቆይቶ ተመለሰና ሐዋሳ ፒያሳ፣ ፋርማሲ ያለበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራየ። እጁ ጎበዝ ነው። የትሕትናን ድምፅ ወራት ፈጅቶ ያስዋበው እሱ ነበር፤ ዓረፍተ ነገር ስትጀምር ትንሽ እንድትተነፍስ፣ አልፎ አልፎ እንደሚያስብ ሰው «እ…» እንድትል አድርጓታል። ሰዎች የሚናደዱት አሁንም ማሽን ማሽን ስለምትል ነው ብሎ ያምናል። ትንፋሿን ጨምሮ፣ ትንሽ ሳቅ ቢያክልባት፣ እና መጀመሪያ ላይ «በኮምፒውተር የምሠራ ረዳት ነኝ» የምትለውን ቢያወጣላት ማንም እንደማያውቅባት ለሮሆቦት ነገራት።

ሮሆቦት አልተስማማችም፤ የተሻለ ሐሳብ ግን ገና አልነበራትም። ስለዚህ ክርክሩን ትታ የተቀረጹትን ጥሪዎች ሁሉ ስጠኝ አለችው።

ሮሆቦት ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ቤታቸው የሚነገረው ሲዳሙ አፎ፣ የሲዳማ ቋንቋ፣ ነው። አማርኛን የተማረችው ከትምህርት ቤት ነው፤ ከዚያ ወዳው ዩኒቨርሲቲም እሱኑ አጠናች። አምስት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተማረች። በየዓመቱ አንዳንድ ወላጅ መጥቶ መምህሯን ሲያያት፣ ስሟንም ከነአባቷ ሲሰማ፣ «አማርኛ መምህሯ አንቺ ነሽ?» ይላት ነበር። አዎን ትላለች፤ ከዚያ ልጁ ስንት እንዳመጣ ትነግረዋለች። ሄኖክ የቀጠራት የትሕትናን መልሶች እንድትጽፍለት ነው። መጽሐፍ የሚመስል አማርኛ አልፈልግም፣ ሰው የሚያወራውን ጻፊልኝ ነበር ያላት።

ያን ሳምንት ጆሮ ማዳመጫዋን አድርጋ ተቀመጠች። ጥሪዎቹ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ያህል ናቸው። ሁሉንም ማዳመጥ ስለማይቻል ሁለቴና ከዚያ በላይ የደወሉትን ለይታ አወጣች፤ ሰው ደጋግሞ የሚደውለው ሳይሆንለት ሲቀር ነው። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሆኑ። ከአሥር ከአሥራ አምስቱ በኋላ አንድ ነገር ጆሮዋ ገባ። የሚቋረጡት ደዋዮች አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆነ ሰዎች ናቸው። ቃል ይፈልጋሉ። ይቆማሉ። ሊቀጥሉ ሲሉ ትሕትና ትገባለች። አንዱ ሰውዬ «እኔ እኮ የምለው…» ብሎ ሦስት ጊዜ ጀመረ፤ ሦስቱንም ጊዜ ተቋረጠ፤ በመጨረሻ «እሺ፣ እሺ» ብሎ ዘጋው።

ሮሆቦት ጆሮ ማዳመጫውን አወለቀች። ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ላይ አንድ መምህር ነበራት፤ እሷ ስትናገር ቃል ፍለጋ ትንሽ ከዘገየች «ማለትሽ ነው…» ብሎ የሚጨርስላት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚረዳት ይመስለው ነበር። እሱ የጨረሰላት ሐሳብ ግን አንድም ቀን እሷ ልትለው የነበረው ሆኖ አያውቅም። ዓመቱ ሳይጋመስ እጇን ማውጣት ተወች። ሰውዬው «እሺ፣ እሺ» ሲል የሰማችው ያንን ነበር፤ ተቀብሎ አይደለም፣ ተስፋ ቆርጦ ነው።

ለሄኖክ ነገረችው። እሱም ምክንያቱን ወዲያው አወቀው። ትሕትና ሰው መጨረሱን የምታውቀው በዝምታ ነው፤ ደዋዩ ከአንድ ሰከንድ ጥቂት ላነሰ ጊዜ ዝም ካለ ጨርሷል ብላ መልስ ትጀምራለች። ቀላል ነው አለና ዝምታውን ሁለት ሰከንድ አደረገው። አንድ ቁጥር ነው የቀየረው፤ ሻይ አዘው ሳይመጣላቸው አለቀ።

በማግስቱ የተገላቢጦሽ ሆነ። አማርኛ የሚፈጥኑት፣ ጥያቄያቸውን በአንድ ትንፋሽ ተናግረው የሚጨርሱት ደዋዮች ሁለት ሰከንድ ዝም ሲባሉ ስልኩ የተቋረጠ መሰላቸው። «ሃሎ? ሃሎ? ኔትወርክ ነው?» የሚለው ቀረጻውን ሞላው። እነሱ ሃሎ ሲሉ ትሕትና ደግሞ መልስ ጀምራለች፤ ሁለቱም ይቆማሉ፤ ሁለቱም እንደገና ይጀምራሉ። ሄኖክ ወደ አንድ ሰከንድ ተኩል መለሰው። አሁን ደግሞ ሁለቱም ወገን ተናደደ። ከተሰጣቸው ሁለት ሳምንት አምስቱ ቀን በዚህ አለፈ።

በስድስተኛው ቀን ሮሆቦት የወይዘሮ ገበያነሽን አድራሻ ከአቶ አምሳሉ ሱቅ ወስዳ በባጃጅ ወደ ምሥራቅ ሄደች። ሄኖክ ምን ልታደርጊ ነው ሲላት፣ ይቅርታ ልጠይቅና ላዳምጥ ነው አለችው።

ወይዘሮ ገበያነሽ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ግቢያቸው ጥግ ላይ በቆርቆሮ የተሠራ የጫጩት ቤት አለ፤ መሬቱ ሰጋቱራ ለብሷል፣ መሃል ላይ ትልቅ አምፖል ተንጠልጥሎ ያሞቃል። የተረፉት ስድሳ ሁለቱ አምፖሉ ሥር ተከማችተዋል። በሲዳሙ አፎ ሰላምታ ተለዋወጡ፤ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቋት፤ የአባቷን ወንድም በቤተ ክርስቲያን ያውቁታል። ሮሆቦት የመጣችበትን ነግራ ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያ አንድ ነገር ለመነቻቸው፤ የደረሰባቸውን ለስልኩ ሊነግሩት እንደነበረው በአማርኛ ይንገሯት፣ እሷም በስልኳ ትቅረጽ።

ሴትዮዋ ሳቁ። ሁለት ሲዳማ ተቀምጠን በአማርኛ እናውራ ወይ አሏት። ሥራዬ ነው ስትላቸው ግን ነገሩ ገባቸውና ልብሳቸውን አስተካክለው ጀመሩ። ቀስ ብለው፣ እየቆሙ፣ ቃሉ እስኪመጣላቸው ወደ ጫጩቶቹ እያዩ ነገሯት። የፈንግል ክትባቱን በሰባተኛው ቀን ሰጥተዋል፤ ውሃ ውስጥ በጥብጠው፤ ጫጩቶቹ ጠጥተዋል፤ ሆኖም በሦስተኛው ሳምንት ታመሙ። ስምንት ደቂቃ ፈጀ። ሲጨርሱ፣ ሮሆቦት ሳትጠይቃቸው አንድ ነገር ጨመሩ።

«ማሽን መሆኗን ገና ስታነሣው ነግራኛለች። ደግ አደረገች፤ ማሽን መሆኗ አልከፋኝም። የከፋኝ ሳልጨርስ ጨረሰችልኝ።»

ሮሆቦት እዚያው ሆና ለአቶ አምሳሉ የእንስሳት ሐኪም ለዶክተር ኑሪ ደወለች። የተነገራትን ስታስረዳው ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቃት አንድ ነገር ነበር፤ ክትባቱ የተበጠበጠው በምን ውሃ ነው? በቧንቧ ውሃ፣ አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ። ዶክተር ኑሪ የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ክትባቱን እንደሚያደክመው አስረዳቸው፤ የተረፉት ጫጩቶች በድጋሚ እንዲከተቡም ለነገ ራሱ እንደሚመጣ ተስማሙ። ሁሉም ነገር ሩብ ሰዓት አልሞላም። ትሕትና አራት ጊዜ ያልደረሰችበት ነገር ይኸው ነበር።

ሮሆቦት ወደ ፒያሳ ስትመለስ ባጃጁ ውስጥ ቀረጻውን ከፍታ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። አንድ ጥያቄ ይዟት ነበር። ወይዘሮ ገበያነሽ በስምንት ደቂቃ ውስጥ ምናልባት ሠላሳ ጊዜ ቆመዋል፤ አንዳንዱ ዝምታ አራት ሰከንድ ያህል ይሆናል። እሷ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጠቻቸውም። እንዳልጨረሱ በምን አወቀች? ስለምታከብራቸው ብቻ አይደለም። ያወቀችበት ነገር መኖር አለበት።

መልሳ መልሳ ሰማችው። «ውሃ ውስጥ ጨምሬ…» ዝምታ። «ከጠጡ በኋላ…» ዝምታ። «ሁለቱ ስለተኙብኝ…» ዝምታ። «እኔ ግን…» ዝምታ። አንዱም ተዘግቶ የቆመ አልነበረም። «ሰጠኋቸው» ሲሉ፣ «ሞቱብኝ» ሲሉ ግን የእሷው «እሺ» ቀረጻው ውስጥ ወዲያው ተከትሎ ይሰማል። ያለማመንታት ነው የገባችው። «ጨምሬ» ያለ ሰው ገና መንገድ ላይ ነው፤ «ጨመርኩ» ያለ ሰው ደርሷል። አምስት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ስትጽፈው የኖረችው ነገር ነው፤ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር የሚዘጋው በግሱ ነው፣ ግሱም መጨረሻ ላይ ይመጣል። ተማሪዎቿ ለፈተና ይሸመድዱት ነበር። እሷም ብትሆን ሰው በጆሮው የሚጠቀምበት ነገር መሆኑን አስባው አታውቅም።

ደረጃውን እየሮጠች ወጣች። ሄኖክን የትሕትና ችግር የዝምታው ርዝመት አይደለም አለችው። ዝምታ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ከዝምታው በፊት የመጣውን ቃል ማየት አለባት። ግሱ ተዘግቶ እንደሆነ ቶሎ ትመልስ፤ ካልተዘጋ ትጠብቅ።

ሄኖክ ራሱን ነቀነቀ። ይህ የመማሪያ መጽሐፍ ነገር እንደሆነ፣ ሰው ስልክ ላይ በሰዋስው እንደማይናገር ነገራት።

«በሰዋስው ላይናገር ይችላል» አለችው፤ «የሚያዳምጠው ግን በሰዋስው ነው። አንተም አሁን እኔን ስትሰማ እንደዚያ ነው የምታደርገው።»

ሄኖክ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ሁለት መቶ አሥራ አራቱን ጥሪዎች ከነጽሑፋቸው ከፈተ። ትሕትና የገባችባቸውን ቦታዎች ሁሉ አወጣና ከእያንዳንዱ በፊት የመጣውን የመጨረሻ ቃል ደረደረ። ሁለቱም ወንበራቸውን ስበው ማንበብ ጀመሩ። ከአሥሩ ዘጠኙ እንዲህ ያሉ ነበሩ፤ «ገዝቼ»፣ «ሲመሽ»፣ «ስላልበሉ»፣ «ከወሰድኩ በኋላ»፣ «እንደነገራችሁኝ»፣ «ግን»። ሄኖክ ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው አወረደው፤ እንደገና ወደ ላይ መለሰው። ከዚያ ተነሥቶ መስኮቱን ከፈተና ለሁለቱም ምሳ አዘዘ። ጥብስ ዓሣው ሲመጣ ቁጭ ብሎ እየበላ፣ ይህን ራሱ ማግኘት ነበረበት፤ ወራት ሙሉ ትሕትናን ጥሩ አድርጎ መናገር ሲያስተምራት መስማቱን ረስቶት እንደነበር ተናገረ። ሮሆቦት ማስተካከያው ሐሙስ ሊደርስ እንደሚችል ነገረችው። ዕለቱ ሰኞ ነበር። አመነታ፤ እሷ ግን እርግጠኛ ነበረች።

ሥራው ተከፋፍሎ ሄደ። እሷ ያልተዘጉ ቃላትን አጨራረስ በወረቀት ላይ አወረደች፤ እሱ ወደ ኮድ ለወጠው። በየመሃሉ ያላሰቡት ነገር ይመጣል። ትሕትና «ስንት ጫጩት ይፈልጋሉ?» ብላ ስትጠይቅ ሰው «ሃምሳ» ብቻ ይላል፤ ግስ የለውም፣ ግን ጨርሷል። ስለዚህ የራሷን ጥያቄም እንድታስታውስ አደረጓት። የዶክተር ኑሪን የውሃ ጥያቄም ጨመሩላት፤ ከዚያ ያለፈውን ግን ለሐኪሙ እንድታስተላልፍ። አንዳንድ ወጣት ደዋይ «እርስዎ» ስትለው ይስቃል፤ ሮሆቦት ግን ሳታውቅ «አንተ» ብላ አንድ ሽማግሌ ከምታስቀይም አሥር ወጣት ብታስቅ ይሻላል ብላ እንዳለ ተወችው። «በኮምፒውተር የምሠራ ረዳት ነኝ» የሚለውም ሳይወጣ ቆየ፤ ሄኖክ የወይዘሮ ገበያነሽን ቃል ከቀረጻው ከሰማ በኋላ ጉዳዩን ዳግም አላነሣውም።

አስቸጋሪው ሌላ ነበር። ረቡዕ ከሰዓት ቀረጻ ሲያጣሩ ሕጉን የሚያፈርስ ደዋይ አገኙ። «ሞቱብኝ…» ብሎ ይቆማል፤ ግሱ ተዘግቷል፤ ትሕትና ልትመልስ ትነሣለች። ሰውዬው ግን ይቀጥላል፤ «ጫጩቶቹ… ትናንት… አሥራ ሁለቱ…» ሄኖክ ያው፣ እንዳልኩት ሰው ስልክ ላይ በሰዋስው አይናገርም አለ። ሮሆቦት ሦስት ጊዜ ሰማችው። ከዚያ ሌሎች እንደዚህ ያሉ ጥሪዎች ፈለገች፤ ሃያ ያህል አገኘች። ሁሉም የደነገጡ ሰዎች ናቸው። የደነገጠ ሰው ግሱን ያስቀድማል፤ የደረሰበትን መጀመሪያ ተናግሮ፣ ማን ላይና መቼ እንደደረሰ እያነሣ ኋላ ይጨምራል። ስለዚህ ሌላ ሕግ ጻፈች፤ ሞት፣ ሕመም፣ መጥፋት የሚነገርበት ግስ ከመጣ ትሕትና ዓረፍተ ነገሩ የተዘጋ ቢመስልም ትጠብቅ።

በረዥሙ ዝምታ ውስጥ ምን ታድርግ የሚለው የሄኖክ ሐሳብ ነበር። ሰው ዝም ሲል ስልኩ ጸጥ ካለ ተቋረጠ ይላል። ስለዚህ ሦስት ሰከንድ ሲሞላ፣ ቀድሞ ለትሕትና ንግግር ማሳመሪያ ያደረጋትን ያቺን ትንሽ ድምፅ አምጥቶ እዚህ አደረጋት፤ አሁን ግን «እ…» መሆኗ ቀርቶ ዝቅ ያለች «እህ» ሆነች፤ እየሰማሁ ነው፣ ቀጥሉ የምትል። ሮሆቦት ከሁሉ ነገር ይህን ወደደችው። ድምፁን የሚያውቅ ሰው ካልሆነ እንዲህ አድርጎ ሊያወጣት አይችልም ብላ ነገረችው፤ እሱም ደስ አለው።

ሐሙስ ከሰዓት አለቀ። ዓርብ ጠዋት ሁለቱም ወደ አቶ አምሳሉ ሱቅ ሄዱ።

ሱቁ ውስጥ ጫጩት በተሞላ ባለቀዳዳ ካርቶን መሃል ነበር የሚታለፈው፤ ጩኸቱ ሰው ያስጮሃል። አቶ አምሳሉ ባንኮኒው ኋላ ቆመው ጠበቋቸው። ሄኖክ አንድ ሙከራ ሊያሳያቸው አዘጋጅቶ ነበር፤ እሳቸው ግን እምቢ አሉ። የተዘጋጀ ነገር አያስፈልገኝም፤ አሁን የሚደውለውን ሰው አብረን እንስማ አሉ። ስልኩን ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርገው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። ዶክተር ኑሪም ከኋላ ክፍል መጥቶ ቆመ።

የመጀመሪያው ደዋይ ጫጩት መቼ እንደሚደርስ ጠየቀ፤ ትሕትና ማክሰኞ አለችው፤ ዘጋ። ሁለተኛዋ የመኖ ዋጋ ጠየቀች፤ ፈጣን ተናጋሪ ናት፤ ትሕትናም ፈጥና መለሰችላት። አንድም «ሃሎ» አልተባለም።

ሦስተኛው ከወንዶ ገነት በኩል የሚደውሉ ሽማግሌ ነበሩ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል።

«ታመሙ…» አሉ።

ዝም አሉ። ሄኖክ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ስልኩ ጸጥ አለ፤ ካርቶኑ ውስጥ ያሉት ጫጩቶች ብቻ ይጮኻሉ። አንድ ሰከንድ፣ ሁለት። አቶ አምሳሉ ሮሆቦትን ቀና ብለው አዩዋት፤ እሷ ስልኩን ነበር የምታየው። ትሕትና «እህ» አለች፤ ዝቅ አድርጋ።

ሽማግሌው ቀጠሉ። ጫጩቶቹ፣ አሉ፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ፣ አሉ፤ እኔ ክትባቱን እንደተባልኩት ውሃ ውስጥ ጨምሬ… ብለው እንደገና ቆሙ። ቃል ጠፋባቸው፤ በሲዳሙ አፎ የሆነ ነገር ለራሳቸው አጉረመረሙ። ይህኛው ዝምታ ከአራት ሰከንድ በላይ ነበር። ትሕትና «እህ» ከማለት በቀር አልገባችም። «…ሰጠኋቸው» አሉ በመጨረሻ፤ «ሰጥቼም ግን አልጠቀማቸውም።»

«ገባኝ» አለች ትሕትና ወዲያው። «ክትባቱን የበጠበጡት በቧንቧ ውሃ ነው ወይስ በጉድጓድ ውሃ?»

«በጉድጓድ።»

«እሺ። እንግዲያው ይህን እኔ መወሰን የለብኝም። አሁኑኑ ከሐኪሙ ጋር ላገናኝዎ፤ የነገሩኝን እነግረዋለሁ፣ እንደገና አይደክሙም።»

የዶክተር ኑሪ ስልክ ኪሱ ውስጥ ጠራ። አንሥቶ ከሽማግሌው ጋር እያወራ ወደ ኋላ ክፍል ገባ። ሽማግሌው ታሪካቸውን ከመጀመሪያው እንዲደግሙ አልጠየቃቸውም፤ ቀጥታ ጫጩቶቹ ዓይናቸው እንዴት እንደሆነ ነበር የጠየቃቸው።

አቶ አምሳሉ ስልኩን ወደ ቦታው መለሱ። ሁለት የስልክ ሠራተኞቻቸውን ጠርተው፣ ከዚህ በኋላ ትሕትና ያልቻለችውን ብቻ እናንተ ትቀበላላችሁ አሏቸው፤ ውሉንም ሰኞ እንደሚፈርሙ ለሄኖክ ነገሩት። ከዚያ ወደ ሮሆቦት ዞሩ።

«ሰውዬው መሃል ላይ በሲዳሙ አፎ ያጉረመረመውን ሰምተሻል?»

ሰምታለች። ቃሉ ጠፋኝ ነበር ያሉት።

«ታዲያ በራሱ ቋንቋ ቢያወራ እኮ አይጠፋውም። ሲዳሙ አፎ የምትችል ትሕትና መቼ ትደርሳለች?»

ሄኖክ ለመናገር አፉን ከፈተ፤ ከባድ መሆኑን፣ ማሽኗ የምትማርበት የሲዳሙ አፎ የድምፅ ክምችት እንደሌላቸው ሊያስረዳ ነበር። ሮሆቦት ቀደመችው። ስድስት ወር አለች። ክምችቱ ከሌለ እንሰበስባለን፤ ደንበኞችዎ ፈቃደኛ ከሆኑ ራሳቸው ይናገሩልናል፣ እኔ እሰማለሁ አለቻቸው። አቶ አምሳሉ ስድስት ወሩን ተቀበሉ።

ከሱቁ ሲወጡ ሄኖክ ሳቅ እያለ፣ የማያውቀውን ቋንቋ ትክክል መሥራቱን በምን እንደሚያጣራ ጠየቃት።

«አንተ ማሽኑን ትሠራለህ፤ ትክክል መሆኑን እኔ እነግርሃለሁ» አለችው። «አንድ ነገር ግን አለ። ከሰኞ ጀምሮ ሥራዬ መልስ መጻፍ ብቻ አይሆንም። ውሉ ላይ ንግግሩን የነደፈችው ተብሎ ስሜ ይግባ።»

ሄኖክ ቆም ብሎ አሰበ፤ ብዙ ጊዜ አልወሰደበትም። ከእሱ ስም አጠገብ እንደሚገባ ተናገረ። ሮሆቦትም ባጃጅ አስቆመችና ለቅዳሜ ቀጠሮ ልትይዝ ወደ ምሥራቅ ሄደች፤ የወይዘሮ ገበያነሽ ጎረቤቶች ዶሮ የሚያረቡ አሥራ አንድ ሴቶች መሆናቸውን ሰምታ ነበር፤ ሁሉንም በአንድ ላይ ለመስማት ቸኩላ ነበር።